የጫላ ፈቃድ

የባቡሩ ሐዲድ ከባሕር በሚደርስባት የፈረንሳዮች ወደብ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ጠባብ መንገድ ላይ ቋ፣ ቋ የሚል የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። በዚህ የቀትር ሐሩር ማን ይሠራል ብሎ ወጣቱ ተማሪ አምሀ ማዕዘኑን ቢዞር፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ዘውዱ የድንኳን መጋዘኑን በር በሚስማር ሲቸነክሩ አገኛቸው።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ ዘውዱ? ሌባ ገባ እንዴ?»

«ከሌባ የባሰ ነው የመጣብኝ ልጄ። የእድራችን አባል ጫላና የአገሩ ልጆች ‹በኦሮምኛ የምንማከርበት የራሳችንን እድር እናቁም፤ ከሁለቱ ድንኳኖች አንዱ ይድረሰን› አሉ። እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም።»

«እነሱስ ድንኳኖቹን አብረዋችሁ አልገዙም?»

«ገዝተዋል። አንተም ከፈረንጅ ትምህርት ቤት የቀሰምከውን ልትሰብከኝ ነው መሰለኝ። በሰው አገር ተለያይተን ከተቀበርን ምን ቀረን?»

አምሀ ብቻውን በባሕሩ ዳር ሲመላለስ ያውጠነጠነውን ለሰው ተናግሮ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ደፈረ።

«ከትልቁ ጦርነት ወዲህ፣ ሕዝብ ሁሉ ስለ ራሱ ይወስን እየተባለ በየጋዜጣው ይጻፋል። እኔም ነገሩ የመንግሥታት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግን ጋሼ፣ በር ቸንክረው ያስቀሩት ሰው እስረኛ እንጂ ወንድም አይሆንዎትም።»

አቶ ዘውዱ መዶሻውን አስቀመጡ። ድምፃቸውም ዝቅ አለ።

«አንተ ጫላን አታውቀውም። የባቡሩ ሐዲድ ሲዘረጋ ንዳድ ጥሎኝ ሳለ አዝሎ ከበረሃ ያወጣኝ እሱ ነው። ውለታውን ሳልመልስ እንዴት ልልቀቀው?»

«ያን ቀን ወዴት ወሰድዎት?»

ሽማግሌው በእጃቸው የቀሩትን ሚስማሮች ኪሳቸው ከተቱ።

«‹ወደ እኔ ሰፈር ልውሰድህ ወይስ ወደ ሰዎችህ?› ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ሰዎቼ አልኩት። የእሱ ሰፈር ይቀርብ ነበር፤ ቢሆንም እየተንገዳገደ ወዳልኩት አደረሰኝ።»

«እንግዲያው እርስዎም ፈቃዱን ይጠይቁት፤ ውለታውን የሚመልሱበት መንገድ ይኸው ነው።»

እውነት ነው፤ ሰው በቋንቋው ቢመክር፣ ሙታኑንም በወጉ ቢቀብር የጎረቤቱን ፍቅር አይቀንስም። በግድ የተያዘ ሰው ግን አካሉ ከመካከላችን ሳይነሣ ልቡ ቀድሞ ይሄዳል። አቶ ዘውዱ ላባቸውን እየጠረጉ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀሉ።

እሑድ እድርተኛው በተሰበሰበበት ተነሡ።

«ወንድሜ ጫላ፣ ዛሬ በሕይወት የቆምኩት አንተ በጀርባህ አዝለህ ስላወጣኸኝ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ጊዜ እንደ ጠየቅኸኝ ልጠይቅህ። መቆየቱም መሄዱም የእናንተ ፈቃድ ነው፤ ድንኳኑም ይኸውና። ብትሄዱ ለቅሷችን አይለያይም። አንዳችን ሲጎድልብን ሌላው ያውሳል፤ በየቤታችን ስንጣላም ከዚያኛው እድር አስታራቂ እናገኛለን። ብትቆዩ ደግሞ ወዳችሁ ነውና ከእንግዲህ በሙሉ ልብ አምናችኋለሁ።»

ጫላ ከመቀመጫው ተነሣ። የአቶ ዘውዱን ትከሻ ሳመና እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያም ድንኳኑን ሳይነካ፣ እንቆያለንም እንሄዳለንም ሳይል ወጣ።

አቶ ዘውዱም መልሱን አልጠየቁትም፤ የሚመልስበት ጊዜም የእሱ ፈቃድ ነበርና።