ከመኪናው ጋር ያልታሰበው ወጪ

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር፣ በመኝታ ቤታቸው መስኮት ያወጡትን ረጅም ገመድ አዲስ በገዟት የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሲሰኩ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ከሥራ ስትመለስ በደጃፋቸው አለፈች። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ገመዱ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ መኪናዋን የሚሞሉት በዚህ ነው እንዴ?»

«ታዲያ በምን ልሙላት ልጄ? ቻርጀር የሚገጥሙትን ሰዎች ጠይቄ ነበር፤ የጠሩት ዋጋ ራስ ያዞራል። ግድግዳ ላይ ለምትሰቀል ሳጥን! እኔ መኪና የገዛሁት ከነዳጅ ወጪ ልገላገል ብዬ ነው።»

«የጠሩት እኮ የሳጥኑን ዋጋ ብቻ አይደለም» አለች ረጋ ብላ። «ከቆጣሪው ጀምሮ የሚዘረጋ ወፍራም ሽቦ አለ፤ ኃይል ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ፣ ለብቻው የሚቆም ብሬከር አለ፤ የባለሙያው ድካም አለ።»

«ሶኬትም ኤሌክትሪክ፣ ቻርጀርም ኤሌክትሪክ። ምን ለየው?»

«የሶኬቱ ሽቦ የተዘረጋው ለካውያና ለቴሌቪዥን ነው። ካውያ ትንሽ ሠርቶ ያርፋል፤ መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። እርስዎስ አውቶቡሱን በአንደኛ ማርሽ ብቻ እየነዱ አገር አቋርጠው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡ። በገዛ ሙያቸው መጣችባቸው! ሰው በሚያውቀው ነገር ሲያስረዱት ልቡ ቶሎ ይረታል፤ ኪሱ ግን ገና ይከራከራል።

«እናንተ የተማራችሁ ማስፈራራት ትችሉበታላችሁ! ይኸው ስንት ጊዜ ሞላሁ፣ ምን ሆንኩ?»

«ሶኬቱ የት ጋ ነው?»

ሽማግሌው ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ዞሩ። ሶኬቱ በባለቤታቸው ራስጌ በኩል ነበር። መኪናዋንም የገዙት ያለ ምርኩዝ መራመድ የተሳናቸውን እኚህን ሴት ሕክምና ለማመላለስ ነው።

ተያይዘው ገቡ። የሶኬቱ ፊት ቡናማ ሆኗል። ሽማግሌው ከበላዩ ግድግዳውን ቢዳስሱት ግሏል።

«የምን ሽታ ነው እያልኩ ስጨነቅ ነበር» አሉ ባለቤታቸው ከትራሳቸው ቀና ብለው። «የመድኃኒቴ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ሽማግሌው ሮጠው ኃይሉን አጠፉ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። «እሳት ቢነሳ በምን እግሯ ትወጣልኝ ነበር?» አሉ። «ልጄ፣ ትልቁን ቻርጀር ይግጠሙልኝ፤ ያሉትን ያህል ልክፈል።»

«ትልቁ ለምንዎት? እርስዎ የሚነዱት ከቤት እስከ ሆስፒታል ነው፤ አነስተኛው ይበቃዎታል። መኪናዋንም ወደ ቆጣሪው ብናስጠጋት ሽቦው ያጥራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሁለት ሦስት ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ብቻ ሽቦውን አቅጥኜ ላርክስልዎት የሚልዎትን እንዳይሰሙት።»

እንዳለችው ሆነ። ወጪው ከፈሩት ቢያንስም ቀላል አልነበረም፤ ሽማግሌውም እየተነጫነጩ ከፈሉ። አሁን ግን መኪናዋ ማታ ተሰክታ ጠዋት ሞልታ ትገኛለች፤ ነዳጅ ማደያ መሰለፍ ቀርቷል፤ መስኮቱም ይዘጋል።

በቅርቡ አንድ ልብስ ሰፊ ጓደኛቸው እንዲህ ያለ መኪና ሊገዛ አስቦ ምክር ጠየቃቸው።

«መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ የቤትህን መስመር አስፈትሽ» አሉት። «የማስገጠሚያውንም ከመኪናው ዋጋ ጋር ደምረህ ተዘጋጅ። እኔ በሳጥን ዋጋ የተከራከርኩ መስሎኝ፣ ለካ በሚስቴ ነፍስ ነበር የምከራከረው።»