በጋውንስ ደህና ነኝ

እናቴ ልትጠይቀኝ ናይሮቢ በመጣች ሰሞን፣ ነጠላዋን ስታስተካክል ትከሻዋ ላይ ጉብ ያለ ነገር አየሁ። ክፉ ዕጢ መስሎኝ ክው አልኩ። "አጥንት ነው፤ ተወው" ብትለኝም እየጎተትኩ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ኬንያዊው ሐኪም ጉብታውን በጣቱ ጫን እያደረገ በስዋሂሊ "ቤጋ፣ ማማ? ቤጋ?" አላት። ትከሻዎን ነው የሚያምዎት ማለቱ ነው። እሷ ግን እኔ እስካስተረጉምላት መች ጠበቀች! "በጋውንስ ደህና ነኝ ልጄ፤ ክረምት ነው የሚጠዘጥዘኝ" ብላ መለሰችለት።

ሳቄ አመለጠኝ። ነገሩን ሳስረዳው ሐኪሙም ፈገግ አለና "ክረምት ምን ሆና ነበር?" ሲል ጠየቀ። ለካ አንድ ክረምት ጭቃ አንሸራቷት በትከሻዋ ወድቃ ነበር፤ በወጌሻ ታሽታ ለእኔ ትንፍሽ ሳትል ቀርታለች። ራጅ ተነሳች። ዕጢ አይደለም፤ ያኔ የትከሻዋ ጅማት ተበጥሶ ከአንገቷ ሥር ወደ ትከሻዋ የሚሄደው አጥንት ጫፍ ወደ ላይ እንደወጣ ቀርቷል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም፣ ትከሻዋን የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ ትሥራ፣ ሲብስባት ማስታገሻ ትውሰድ አለ።

ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን ንዴቴ መጣ። "ይህን ሁሉ ዘመን ስትታመሚ እኔ እንዴት አላየሁም?" አልኳት።

"ከየት ታየዋለህ?" አለችኝ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። "አንተ የምትመጣው ለገና ነው። ገና ደግሞ በጋ ነው።"