ከመንጋ ጋር የተሰደደው አድራሻ

በተራራማዋ ከተማችን በናሪን፣ ገበያው በር ላይ፣ ብርዱ የሰውን ሰላምታ አየር ላይ አድርቆ በሚያስቀርበት ጠዋት (አንዱን እኔ ራሴ ለቅሜ በኪሴ ከትቻለሁ)፣ ሸርሸንቤክንና ጃርኪናይን አንድ ላይ አገኘኋቸው። ሸርሸንቤክ ለከተማችን ኢንተርኔት የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ናቸው። ጃርኪናይ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ተምራ የተመለሰች የጎረቤታቸው ልጅ ናት። ፊቷ አመድ መስሏል።

የእናቷ ማኅበር ሴቶች የበረዶውን ወራት ሙሉ የሠሩት የሱፍ ምንጣፍ ዛሬ ለውጭ አገር ገዢዎች በኢንተርኔት ሊታይ ነበር። የማኅበሩን ስም ጽፈው የገቡት ገዢዎች ያገኙትን በስልኳ አሳየችን፦ «እንኳን ደህና መጡ። ልብስዎን አውልቀው ተራዎን ይጠብቁ።»

ሳላስበው የኮቴን ቁልፍ ጨበጥኩ።

«ይሄ የጁማሽ መታጠቢያ ቤት አይደል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«ነው ባይኬ፣» አለች ጃርኪናይ ታላቅ ወንድ በሚከበርበት ቃል። «የድረ ገጽ ስም ሲጠየቅ ቦታውን የሚናገረው ማሽንዎ ትናንት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሌላ አድራሻ ወሰደ። የድሮው አድራሻ ለጁማሽ ደረሰው። የጁማሽ የኢንተርኔት ሳጥን ደግሞ የማንን ስም ቢጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ ወደ እኔ ግቡ ነው።»

«አድራሻ ቢቀየር ምን ይገርማል? እኛስ በረዶው ሲቀልጥ ድንኳን ነቅለን ተራራ እንወጣ የለ? ማሽኑም ያገኘውን ይያዝ ብዬ የፈቀድኩለት እኔ ነኝ።»

«እናንተ ስትወጡ ታች የምትቀረው ማን ናት?»

«አክስቴ ቡሩል ናታ። እንግዳ ሲመጣ የት ግጦሽ እንዳለን የምትነግረው እሷ አይደለችም?»

«እሷስ ለማንም ሳትናገር ቤት ብትቀይር? እንግዳው የለመደውን በር ሲያንኳኳ ጁማሽ ፎጣ ይዞ ቢከፍትለት?»

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ በፊት ይህን ያየ ሰው በከተማው የለም፤ ከሥሩ ሁለት ድንቢጦች በረሩ ብል ማን ያምነኛል?

«ታዲያ አዲሱን አድራሻ፣ የማሽኖችን ቦታ ለዓለም ለሚይዙት መዝጋቢዎች እንንገራቸዋ።»

«ወሬው ለሁሉ እስኪዳረስ ገዢው ይሄዳል። መብራት በጠፋ ቁጥርስ ሊነግሯቸው ነው? ይልቅ ለጁማሽ ሌላ ይስጡትና ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የድሮውን ይመልሱ። ከዚያም አድራሻውን ለማሽኖች ሁሉ በዘፈቀደ ከሚታደሉት ውስጥ ያውጡት፤ የዚህ ሥራ ብቻ ይሁን። ማሽኑ ቢቃጠል አዲሱ ያንኑ ይረከባል። ደግሞ ሁለተኛ መላሽ ማሽን በሌላ መንደር፣ በሌላ መስመር ያስቀምጡ፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ትናገራለች።»

ሸርሸንቤክ ቆባቸውን መልሰው አደረጉ። «ጠቦቴ፣» አሉ፣ «እስከ ዛሬ አክስቴን ከበጎቹ ጋር ስነዳት ኖሬያለሁ ማለት ነዋ።»

ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጠው ገቡና አስተካከሉት። ከዚያ ወዲህ መብራት ስንት ጊዜ ሄዶ መጣ፣ ማሽኑም ተለወጠ፤ ስማችን ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ደህና የሚገኘው፣ ቦታውን የሚናገረው ሰው ባለበት ሲቀመጥ መሆኑን ከተማው ተምሯል።

የዚያን ቀን ምንጣፎቹ ከምሳ በፊት ታዩ። አብዛኞቹ ገዢዎች ተመልሰው ገቡ። አንዱ ግን ከጠዋት ጀምሮ በጁማሽ ገጽ ላይ እንደታዘዘው ተራውን ሲጠብቅ ቆይቶ ነበርና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቀዩን ምንጣፍ ወድጄዋለሁ። አሁን ልብሴን ልልበስ?»