ጋሽ ቶሌራ ማንንም አልገደሉም

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጉግሳ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያችን ሠራተኞች በሙሉ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ግብዣ ያዘጋጃችሁልኝን ሁሉ አላህ ያክብራችሁ። ሥጋውን ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ አሳርዳችሁ፣ መጋዘኑን ጠርጋችሁ፣ ወንበር ከእድር ተውሳችሁ ይህን ሁሉ ሰው ሰብስባችኋል። የሒሳብ ሠራተኛችን ሄርሜላ «እትዬ ሀዲጃ፣ እየቀረጽኩሽ ስለሆነ እንዳታለቅሺ» ብላኛለች። አላለቅስም ሄርሚ፣ አትስጊ። ዛሬ የመጣሁት ልቆጣ ነው።

ስጦታችሁንም አየሁት። ይህን የሚያክል ቴሌቪዥን! ግድግዳዬ ይችለው ይሆን? አመሰግናለሁ። ግን እስቲ በአላህ፣ ለጡረታ የምትወጣ ሴት የሚሰጥ ነገር ጠፍቶ ነው ቴሌቪዥን? ያውም በዚህ ሰሞን? ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ሳይ ደሜ እንደሚፈላ እያወቃችሁ? እንግዲህ የነካካችሁኝ እናንተው ናችሁ፤ ስሙኝ።

ከዲላ ለመጡት እንግዶቻችን ስል ከመጀመሪያው ልንገር። እሁድ እሁድ የሚተላለፍ «የማን እጅ» የሚባል የወንጀል ምርመራ ድራማ አለ። የድራማው ሰዎች ባለፈው ዓመት የቡና ወቅት እዚህ ጪጩ ድረስ መጥተው አንዱን ክፍል በግቢያችን ቀረጹ። ዘበኛ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ መንገድ ላይ ታሞ ሐዋሳ ቀረባቸው። ዳይሬክተሩ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና የእኛን ዘበኛ፣ ጋሽ ቶሌራን «አባቴ፣ እርስዎ ራስዎን ሆነው ይሥሩልን» አላቸው።

እኔ ቡናው የሚሰጣባቸው ማድረቂያ አልጋዎች ዘንድ ቆሜ አይ ነበር። «በሩን ይክፈቱ» ይላቸዋል፤ ይከፍታሉ። «ወዲያ ይመልከቱ» ይላቸዋል፤ ይመለከታሉ። «እጅዎን ይታጠቡ» ይላቸዋል፤ ይታጠባሉ። መጨረሻ ላይ «ይሳቁ» አላቸው።

«ምን አስቆኝ ልሳቅ?» አሉ።

«ዝም ብለው ይሳቁ፣ አባቴ።»

ጋሽ ቶሌራ ሰው ሲለምናቸው እንቢ ማለት አያውቁም፤ ሳቁ። ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ የነገራቸው አንድም ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ደስታቸውን አይታችኋል። ክፍሉ የሚተላለፍ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ፣ ለስላሳ በሳጥን አስገቡ። ሴት ልጃቸውን ኤልቤቴልን ለወንድ ልጃቸው ሊጠይቁ ላሰቡት የገደብ ከተማ ሰዎች ሳይቀር ደውለው «ዛሬ በቴሌቪዥን እዩኝ» አሉ። እኔም ነበርኩ። መጨረሻ ላይ መርማሪው መነጽሩን አወለቀና «ገዳዩ ዘበኛው ነው» አለ። የጋሽ ቶሌራ ሳቅ ስክሪኑን ሞላው። ሙዚቃ መጣ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ለስላሳ የጠጣ ሰው የለም።

እሺ፣ እስኪ ስለ ድራማው እናውራ። እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም፣ ተመልካች ነኝ። ግን ተመልካች ጅል ነው ያለው ማነው?

ሟቹ ነጋዴ የተገደለው በቡና ወቅት፣ በቀትር፣ በአልጋዎቹ መሀል ነው። ማንም አላየም ተባለ። ወገኖቼ፣ በቡና ወቅት በቀትር እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ሳይሰማህ ማስነጠስ ትችላለህ? ያን ቀን ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሁሉ የት ሄደው ነው? አድማ መትተው ነው?

መርማሪውስ ብትሉ! በዚያ ጭቃ ነጭ ጫማ አድርጎ ገብቶ ነጩን ጫማ እንዳደረገ ወጣ። ቡናው የሚብላላበት ገንዳ አጠገብ ቆሞ አየሩን ሳብ አደረገና «ደም ይሸተኛል» አለ። ኧረ ወዲያ! ከዚያ ገንዳ አጠገብ ቆመህ እንኳን ደም፣ የተቀባኸው ሽቶም አይሸትህ። ደግሞ ከዲላ ይርጋጨፌ ለመድረስ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አደረ። በየት ዞሮ ነው? በሞያሌ በኩል?

ያበሸቀኝ ግን ቢላው ነው። ገዳዩ ቢላውን አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡና ሥር ደበቀው፤ ስንት ቀን እዚያው ከርሞ መርማሪው መጥቶ አገኘው። ቡና ሥር! እኛ ዘንድ አልጋ ላይ የወጣ ቡና ዝም ብሎ ይተኛል እንዴ? ጠዋት ይገለጣል፣ በእጅ ይገላበጣል፣ ይለቀማል። ፀሐይ ሲበረታ ይሸፈናል፣ ሲበርድ እንደገና ይገለጣል፣ እንደገና ይገላበጣል። ተናኘወርቅ፣ ከነገ ጀምሮ አልጋዎቹ ላይ የእኔን ቦታ የምትረከቢው አንቺ ነሽ። አንዲት ጥቁር ፍሬ ብታመልጥሽ ቀኑን ሙሉ የምትነጫነጪ ሴት፣ ይህን የሚያክል ቢላ ከእጅሽ ሥር ከርሞ ዝም ትያለሽ? ይኸው ትስቃለች።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔን ግን አላሳቀኝም። እነዚያ ልጆች ቡናን የሚያውቁት ስኒ ውስጥ ነው፤ ይሁን፣ ይቅር ይበላቸው። እናንተ ግን ታውቃላችሁ! ቡና በእጃችሁ ስታገላብጡ የምትውሉ ሰዎች፣ ያ ቢላ እዚያ ሊደበቅ እንደማይችል ከማንም በላይ የምታውቁ ሰዎች፣ ሰኞ ጠዋት ስትገቡ ምን አደረጋችሁ? ጋሽ ቶሌራን ሸሻችኋቸው።

አልሸሸንም አትበሉኝ። በእረፍት ሰዓት በእሳቸው የጥበቃ ጎጆ ጥላ ሥር ይቀመጡ የነበሩት ሴቶች አሁን የት ነው የሚቀመጡት? በሩን ሲያልፉ የድራማውን ሙዚቃ የሚያንጎራጉሩት እነማን ናቸው? እሳቸው «ደህና አደራችሁ?» ሲሉ ስልኩን እያየ የሚያልፈውስ?

አንዷን ጠየቅኳት። «ድራማ መሆኑንማ እናውቃለን፣ እትዬ ሀዲጃ» አለችኝ። «ግን ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ለምን እሳቸውን መረጡ? የሆነ ነገር ቢያዩባቸው ነው።»

ያ ረቢ! ምን ያያሉ? ዩኒፎርም ለብሶ በር ላይ የቆመ ሽማግሌ ነው ያዩት!

አቶ ጉግሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎንም አልምርዎትም። የመጋዘኑን ቁልፍ ከጋሽ ቶሌራ ተቀብለው ቢሮዎ ሲያስገቡ ለምን ብዬ ጠየቅኩዎት። «አምኜ አይደለም ወይዘሮ ሀዲጃ፣ ለጥንቃቄ ነው» አሉኝ። ከምን ለመጠንቀቅ? ከድርሰት? እኚህ ሰው ይህን መጋዘን ሲጠብቁ አንዲት ጆንያ ጠፍታ ታውቃለች? ከጠፋች እዚሁ ይናገሩ፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ።

አዩ፣ አንዲትም አልጠፋችም።

ይህንንም ቢሆን እችለው ነበር። ሰው ይረሳል፣ እሁድ ሲመጣ ሌላ ገዳይ ይመጣል ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ያቃተኝ የኤልቤቴል ነገር ነው።

ልጅቷና የገደቡ ልጅ ተፈቃቅደዋል። ወላጆቹ ሽማግሌ የሚልኩበትን ቀን ቆርጠው ነበር። ከዚያ እሁድ በኋላ «መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ» የሚል መልእክት መጣ። አስፋልት ላይ የምን ጭቃ ነው? ቢሆንም ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ በአንድ ድራማ አልፈረዱም። በገበያ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ከእኛው ሠራተኞች አንዱን አገኙና «ያ ዘበኛችሁ እንዴት ያለ ሰው ነው?» ብለው ጠየቁት። የአንዲት ልጅ ትዳር በዚያች ደቂቃ በአንድ ሰው አፍ ላይ ነበር። ያ ሰው ምን ብሎ መለሰ?

«ኧረ ተጠንቀቁ፣ ቢላ ደብቁ!» ብሎ ሳቀ።

ቀልድ ነው። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። ተያዩና የገደብ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። ኤልቤቴል ከቤት አትወጣም። አባቷ ደግሞ ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? «ሀዲጃ፣ በእኔ ሳቅ የልጄን ዕድል አበላሸሁ» አሉኝ። ሳቅ ተብለው የሳቁ ሰው! አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ቀልዱን የቀለደው ሰው እዚህ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው በስንብቴ ቀን እንቢ አትሉኝም ብዬ ነው። እሁድ ጠዋት ገደብ እሄዳለሁ፤ ሚኒባስ አነጋግሬያለሁ። የሴት ወገን ወደ ወንድ ቤት ሽማግሌ አይልክም አትበሉኝ፤ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እኛ የምንሄደው ልጅ ለመዳር አይደለም። ሰዎቹ ጠይቀውን ነበር፣ እኛ መልሱን አበላሸንባቸው፤ መልሱን ልናስተካክል ነው የምንሄደው። አብረን የኖርን የሥራ ባልደረቦች ነን፤ እኛ ካልመሰከርን ማን ይመስክር? ዳይሬክተሩ? ስለ ቢላው ተናኘወርቅ ታስረዳለች። እኔ ስለ ሰውየው እናገራለሁ። ማን ይመጣል?

ሄርሜላ፣ ስልኩን አስቀምጪና እጅሽን አውጪ። እሺ። ተናኘወርቅ፣ ጎበዝ። ከኋላ ያላችሁ፣ እጅ ነው ወይስ ሹካ ነው የማየው? እሱም ይቆጠራል። አቶ ጉግሳ፣ እርስዎስ? የመጋዘን ቁልፉን ሥራ አስኪያጁ ራሱ መልሶ ሰጣቸው ብለን ብንናገር ከስንት ምስክር ይበልጣል መሰለዎት። ራስዎን ነቀነቁ፤ ሁሉም ሰው አይቷል፣ ወደኋላ ማለት የለም።

ፊሊጶስ? ምን ሆነህ ቆምክ? እኔ የማንንም ስም አልጠራሁም እኮ።

ጮክ በል፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።

እሺ። «እኔ ነኝ» ብሏል። ሰምታችኋል። አትሳቁበት! ማሽን ላይ ሲሠራ የማይፈራ ልጅ ዛሬ ፈርቷል፣ ግን ቆሟል። ፊሊጶስ፣ ክፉ ልብ እንደሌለህ አውቃለሁ፤ አፍህ ነው የቀደመህ። ገደብ ስንደርስ ከእኔ በፊት የምትናገረው አንተ ነህ። አሁን ግን ሂድና ጋሽ ቶሌራን ከበር ጥራልኝ። እኛ እዚህ ስንበላ እሳቸው ውጭ ቆመዋል፤ ይግቡ ያላቸው ሰው እንኳ የለም። ሂድ፣ በሩ ለትንሽ ጊዜ ሰው ባይኖረው ማንም አይገድለንም።

እስኪመጡ ልመርቃችሁ። ቁጣዬ ገና አልበረደም፣ ግን ምርቃት አይከለከልም። ቡናችሁ አልጋ ላይ ሳለ ዝናብ አይምጣባችሁ። የለፋችሁበት ዋጋ ያውጣ። የታመመባችሁን አላህ ይማርላችሁ፣ ተማሪዎቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ፣ ሴት ልጆቻችሁን በክብር ዳሩ። ተናኘወርቅ፣ እጅሽ አይዛል። ሄርሜላ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። አቶ ጉግሳ፣ ሥራዎ ይቅናልዎ። ክፉ ስም ከየቤታችሁ ይራቅ፤ በሰው ስም ከመቀለድም ይጠብቃችሁ። ዛሬ የተናገርኩት የከበደው ካለ አፉ ይበለኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ ነው ያረጀሁት፣ ከእናንተ ጋር፤ ባልወዳችሁ ኖሮ ሥጋዬን በልቼ ዝም ብዬ እሄድ ነበር።

መጡ። ይግቡ፣ ጋሽ ቶሌራ። ኧረ ኮፍያዎን አያውልቁ፣ የምንነሳው እኛ ነን። ተነሱ እንጂ! ፊሊጶስ፣ እጃቸውን አትልቀቅ፣ እዚህ ድረስ አምጣቸው።

ጋሽ ቶሌራ፣ ከሁላችንም ታላቅ እርስዎ ነዎት። ታላቅ እያለ እኔ ምርቃት መዝጋት አይገባኝም፤ እርስዎ ይዝጉልን። ይመርቁን፣ ኤልቤቴልንም ይመርቁልን።

እናንተ ደግሞ አሜን ስትሉ ገደብ ድረስ ይሰማ።