ዓለምን በእግራቸው ሊዞሩ ወጥተው ከመንገድ የቀሩት የአቶ ሂካ ወዳጆ ዜና ሕይወት

ከዚህ ከመቃብሩ አፋፍ የቆማችሁ ወገኖች፣ ለቅሶውን ጥቂት ገታ አድርጋችሁ የሟቹን ነገር ስሙ።

አቶ ሂካ ወዳጆ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሜቲ በ1965 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱትም ዛሬ ፎቅ እንደ እንጉዳይ በፈላበት፣ ያኔ ግን ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረው በቦሌ ሚካኤል ዳርቻ ነው። እናታቸው በሕፃንነታቸው ቢሞቱባቸው አክስታቸው ወይዘሮ ሎሚ አሳደጓቸው፤ እንዴት አድርገው እንዳሳደጓቸው ጎረቤት ይመስክር።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ ከደብተሩ ይልቅ ሩጫው ስለሳባቸው፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በዕቃ ጫኝነት ተቀጠሩ፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት በሩጫ እንጂ በታክሲ ሲሄዱ ያያቸው የለም። ወይዘሮ ዳናይትን በቁርባን አግብተውም ፌናንን ወለዱ።

ከተማው ሲያብጥ የአባታቸው እርሻ ለሕንፃ ተወሰደና አዛውንቱ ከደጃፍ ተቀምጠው «እንግዲህ የምረግጠው መሬት የለኝም» ይሉ ጀመር። ይህን ጊዜ ሂካ «አባባ፣ ዓለምን ሁሉ ረግጬልዎት እመጣለሁ፤ ከደጃፍዎ ቆመው ይቀበሉኝ» ብለው በመስከረም 2003 ተነሡ። «አውሮፕላን ባናቱ እየበረረ በእግሩ ዓለምን ሊዞር! ሰው እንዲህም ያብዳል?» ብሎ ያላገጠ የሰፈር ሰው ዛሬ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከዚሁ ቆሟል።

ሱዳንን በሐሩር አቋርጠው ግብፅ እንደገቡ አባታቸው አረፉ። «ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም» የሚል ሽማግሌ አይጠፋምና፣ ወይዘሮ ሎሚ «ይነገረው፣ አልቅሶ ይውጣለት» ቢሉ ሰሚ አጡ። ሂካ በስልክ አባታቸውን በጠየቁ ቁጥር «ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል»፣ «ተኝተዋል» እየተባሉ፣ ሰላምታቸውን ልከው ይሮጡ ነበር።

ባሕሩን በመርከብ ተሻግረው ቱርክ ሲደርሱ፣ በበረዶው ወራት፣ የሰፈራችንን ልጅ ገብረዋሕድን አገኙት። የሚያውቁ መስሎት «የአባትህን ነፍስ ይማር» አላቸው። ሂካ የጫማቸውን ማሰሪያ አጥብቀው፣ ፊታቸውን ወደ አገራቸው መልሰው መሮጥ ጀመሩ፤ «እባክህ እደር፣ በአውሮፕላን ትገባለህ» ቢላቸው አልሰሙትም። በማግሥቱ ከአንድ ተራራ ሥር በረዶ ውስጥ ወድቀው ተገኙ። ብርዱ ሳንባቸውን መትቶት ኖሮ፣ ሐኪም ቤት ጥቂት ሰንብተው፣ በተወለዱ በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። የዞሩትም ከዓለም ቁራሿን ነው።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዳናይትን፣ አሳዳጊ አክስታቸውን ወይዘሮ ሎሚንና ልጃቸውን ፌናንን ትተውልን ሄደዋል። ለፌናን ግን «አባትሽ መንገድ ላይ ነው» ያላት የለም፤ መሞታቸው በግልጽ ተነግሯት ይኸው ከሳጥኑ አጠገብ ቆማለች።

ደካማን የማያባርር አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ መጽናናቱንም፣ ካለ፣ ለልጂቱ ይስጣት።