የተሸካሚው ድምፅ

ከአብነት ወደ ራጉኤል በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ካርቶን የታቀፈች የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንድ አዛውንት የመርካቶ ተሸካሚ ከፊቴ ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው ልጄ፣ መጫወቻ ነው?»

«ሮቦት ነው አባባ። እኔ ነኝ የሠራሁት። ሞተሩ ምን አለሽ ተራ ከገዛሁት አሮጌ ቴፕ የወጣ ነው።»

«ዕቃ ይሸከማል?»

«ትንሽ ትንሽ። ፊቱ ሰው ካለ ግን ይቆማል።»

«ሰውየው እስኪሄድለት?»

«አዎ፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል።»

«እንግዲያ መርካቶ ከገባ እንደቆመ ይመሽበታል! ‹ዞር በሉ› ማለት አስተምሪው እንጂ።»

«ድምፅ የለውም።»

«የኔን ውሰጂለታ። ያረጀው ወገቤ ነው፤ ድምፄ አለ።»

ስልኳን ወደ አፋቸው አስጠጋች።

«ከሞትኩ በኋላም ይጮኻል?»

«ይጮኻል አባባ፤ ባትሪው ይሞላ እንጂ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዞር በሉ! ዞር በሉ!»

እኔም መጨረሻ ወንበር ላይ ሆኜ እግሬን ሰበሰብኩ።