ሦስቱ ካርዶች ደህና ነበሩ

እሺ፣ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? "አንቺ ደግሞ ማይክ ምን ያደርግልሻል" የምትሉትን ሰምቻለሁ፤ ቆይ እንተሳሰባለን።

ለእንግዶች፣ ኑኃሚን እባላለሁ፤ ዛሬ የምንሸኛቸው የጋሽ ሸዋንግዛው ረዳት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ነይ እስቲ ይቺን ብሎን ያዢልኝ" ሲባል የኖርኩት እኔ ነኝ። ከሁሉ በፊት ግን ምግቡን አይታችሁ ፊታችሁን ያጨማደዳችሁትን ላናግር። አዎ፣ ሽሮ ነው። አዎ፣ ያም ምስር ነው። "የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው በሽሮ ይሸኛል ወይ?" ያለ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም፤ እዚያ ጥግ ተቀምጦ ይስቃል። እኛማ ቅዳሜ እናድርገው ብለን ነበር። ረቡዕ ካልሆነ ብለው ድርቅ ያሉት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ጋሼ እዚህ ግቢ የረገጡበትን ቀን እኔ አላየሁም፤ ያኔ ገና ዳዴ እል ነበር። የነገረን የበሩ ጥበቃ አዱኛ ነው። ሙሉ ሱፍ፣ ክራቫት፣ ጫማው መስታወት። ደረት ኪሳቸው ላይ ግን፣ ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ፣ ካቻቪቴ ሰክተዋል። አዱኛ ሥራ ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ።

"ስለት ይዞ መግባት አይቻልም!"

"ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ስለት አይደለም፤ ሥራዬ ነው።"

"እንግዲያው ሥራዎን እዚህ አስቀምጠው ይግቡ!"

አስቀምጠው ገቡ። የመጀመሪያዋን ኮምፒውተር ብሎኗን በአሥር ሳንቲም ፈተው ከፈቷት። ማታ ሲወጡ አዱኛ ካቻቪቴውን በሁለት እጁ አስረከባቸው። "ደህና ጥበቃ ነህ፤ ነገ ግን በኔ ላይ አትጠብቅ" አሉት። አዱኛ፣ ዋሸሁ? አልዋሸሁም።

የኛን ሥራ ለማታውቁ፣ ከልደታ ማርያም ወደ አብነት ስትወርዱ ሲሚንቶ ለብሶ የምታዩት ግቢ ይሄ ነው። ሥራችን ኮንክሪት መስበር ነው። ከየሕንፃው የሚመጣውን ናሙና ማሽን ውስጥ አስገብተን እናደቀዋለን፤ በስንት ጭነት እንደተሰበረ ኮምፒውተሩ ይዞ በኔትወርክ ወደ መዝገብ ክፍል ይልካል። ማሽኖቹ ያረጁ ናቸው፤ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አይግባቡም። ስለዚህ ኮምፒውተሮቹም አሮጌ፣ ውስጣቸው ያለው ኔትወርክ ካርድም የኔ እኩያ ነው። የዛሬ ካርድ ሰክተኸው ትሄዳለህ። የድሮው እንደዚያ አይደለም። ጃምፐር የምንላቸው ጥቃቅን መሰኪያዎች አሉት፤ አድራሻውና መስመሩ የሚታወቀው በእነሱ ነው። ያንኑ ቁጥር ካርዱን ለሚያሠራው ፕሮግራም፣ ለድራይቨሩ፣ በእጅህ ጽፈህ ትነግረዋለህ። አንዲት ቁጥር ከተሳሳትክ ካርዱ ደህና ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስልሃል። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

የጋሼን አመል ማን ያጣዋል? የሲሚንቶ አቧራ እንዳይገባ ብለው ኮምፒውተሮቹን ባለቤታቸው የሠሩትን ዳንቴል አልብሰዋቸው ነበር። አንድ የውጭ አገር እንግዳ መጥቶ "ይሄ የጸሎት ክፍል ነው?" ብሎ ጠይቋል። አቧራ የሚያስወጡት በብስክሌት ጎማ መንፊያ ነው። ወር በገባ በአንደኛው ቀን፣ በልደታ፣ ጸበላቸውን በጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ። ኸረ ኮምፒውተር ላይ አይረጩም! ራሳቸው ጠጥተው፣ አማትበው፣ ክዳኑን ይከፍታሉ። "ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም፤ ጸበል የሚያስፈልገው ከፋቹ ነው" ይሉኛል።

እኔ በመጀመሪያው ሳምንቴ አራዳ ነኝ ብዬ ድራይቨሩን "ካርዱን ራስህ ፈልገህ አግኝ" ብዬ አዘዝኩት። ፈለገ፣ ፈለገ፣ የማይነካ ቦታ ነካና ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ማሽኑም ኮንክሪቱን እንደነከሰ ቆመ። ውጭ ሦስት መኪና ናሙና ጭኖ ጥሩምባውን ያንባርቀዋል። እኔ በቁሜ ደርቄያለሁ። ጋሼ መጡ፣ አጥፍተው ከፈቱት፣ ካርዱን አውጥተው በመነጽራቸው አስጠግተው አዩት።

"የኔ ልጅ፣ ሰው ጨለማ ቤት ገብቶ በዳበሳ አይፈለግም፤ በስሙ ይጠራል። ቁጥሩ እዚሁ ተጽፎልሻል። አይገመትም፤ ይነበባል።"

አይገመትም፤ ይነበባል። ስንቴ ሰማናት? የሻይ ክበቧ ልጅ እንኳ ሒሳብ ስንጠይቃት ትለናለች።

እንግዲህ... ውሃ ስጡኝ እስቲ። አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ የምናገረውን እንድናገር ያዘዙኝ ጋሼ ናቸው። "ሁሉንም ተናገሪ፤ ምንም አታስቀሪ" ብለውኛል። እኔ ብሆን ሆድ ይፍጀው ብዬ እተወው ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ሦስተኛው ማሽን መላክ አቆመ። ጋሼ ገቡ። ቁጥር ጻፉ፤ አልሠራም። ካርድ ቀየሩ፤ አልሠራም። ሌላ ቀየሩ፣ ሌላ ቀየሩ። ሦስት ካርድ፤ ሦስቱም ከኸይረዲን እጅ የወጡ። ኸይረዲን ያ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ነው፤ የዕቃ ግምጃ ቤታችንን ቁልፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዘ ሰው። ከጋሼ ጋር ረቡዕና ዓርብ የእነሱ ቀን ነበር። በሌላው ቀን ሥጋው ይለያያቸዋል። በጾም ቀን ግን ሽሮ ሽሮ ነው፤ ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። ሚስቶቻቸው የማን ሽሮ እንደሚጥም ተፎካክረው ነበር ይባላል።

ያን ቀን ጋሼ በሁላችን ፊት፣ "ደህናዎቹን አውጥተህ የሞቱትን ነው የከተትክልኝ?" አሉት። ኸይረዲን ያለው "ጋሼ፣ እኔን?" ብቻ ነው። ኮሚቴ ተቀመጠ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከዚያ በኋላ በነበረው ረቡዕ ሳህኑ ሁለት ሆነ። ሁላችንም አየን፤ ሁላችንም ወደ ምሳችን አቀረቀርን።

ወር ሲሞላው እነዚያን ሦስት ካርዶች ከተጣሉበት ቆርቆሮ አወጣኋቸው። ጃምፐራቸውን አነበብኩ፤ አድራሻ ሦስት መቶ፣ መስመር አምስት። ያንኑ ጻፍኩ። ሠሩ። ሦስቱም ሠሩ። ጋሼ የጻፉትን ፋይል ከፍቼ ባየው ሦስት መቶ ሃያ ይላል። ሳያነቡ ገምተዋል። ጋሼ! እሳቸው!

ልነግራቸው ሮጥኩ። አንድ ካርድ ይዘው ተቀምጠዋል።

"ኑኃሚን፣ የዚች መስመሯ ስንት ነበር?"

"አምስት፣ ጋሼ።"

ውሃ ቀድቼ ተመለስኩ። "ኑኃሚን፣ የዚች መስመሯ ስንት ነበር?" አሉኝ። አምስት አልኳቸው። ሳልቀመጥ ደግመው ጠየቁኝ። ሁሉንም ካርድ እንደ ዳዊት በቃላቸው የሚወጡ ሰው! ያኔ ገባኝ።

አሁን የራሴን ልናገር። አንዱን ካርድ ሦስተኛው ማሽን ላይ መልሼ ሰካሁት። "እንዴት ሠራ?" ስትሉኝ "ሌላ ካርድ ከሜክሲኮ ገዝቼ መጣሁ" አልኳችሁ። ውሸቴን ነበር። ጋሼን ለመሸፈን ብዬ ኸይረዲንን ሰባት ወር ሙሉ ሌባ እንደተባለ ተውኩት። በየቀኑ ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ኸይሩ፣ ፕላስተር ስጠኝ" እለው ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን እያደር አጨለምኩት። ፕላስተሩን ለምን እንደምወስድ እንኳ አልጠየቀኝም። በየኮምፒውተሩ ክዳን ውስጥ ቁጥሩን ጽፌ እለጥፍበት ነበር፤ ጋሼ ሲከፍቱ እንዲያነቡት።

የካቲት ላይ አነበቡት። ጽሕፈቴን ያውቁታል። ክዳኑን ቀስ ብለው ዘጉና ወጡ። ሳምንቱን ሐኪም ቤት ተመላልሰው መጡ። "የበሽታውን ስም ነገሩኝ፤ እንዳልረሳው ጻፍኩት" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ቀጥለው "እነዚያ ሦስት ካርዶችስ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

በማግሥቱ ይቅርታ ሊጠይቁት ወደ ግምጃ ቤት ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ለምን እንደሄዱ ጠፋቸው። ቆመው ቆመው፣ "ፕላስተር አለህ?" አሉት። ሰጣቸው። በሳምንቱ ደግመው ሄዱ። አሁንም ፕላስተር ይዘው ተመለሱ። ያን ቀን አጠገቤ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ጋሼ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወዲያው ወረቀት አምጪ አሉኝ፤ ሳይጠፋቸው ጻፉት። "በሽኝቴ ቀን አንቺ አንብቢው። እኔ ከቆምኩ በኋላ ለምን እንደቆምኩ ልረሳ እችላለሁ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየምሳ ሰዓቱ ደብተር አስይዘው የእያንዳንዱን ካርድ ቁጥር ነገሩኝ። የተጠራጠሩትን እየከፈትን አነበብን። አንድም አልገመቱም። ጋሼ፣ ደብተሩ ሞልቷል። እኔ ከርስዎ የተማርኩት ቁጥሩን ብቻ አይደለም። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ወንበር የተሸከሙት እርስዎ ነዎት። ስሳሳት አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት አላሳፈሩኝም። እግዜር ይስጥልኝ። ምን እንደምልዎት... እግዜር ይስጥልኝ።

ወረቀቱ ይኸው። አይገመትም፣ ይነበባል ስላሉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ላንብበው።

"ኸይረዲን፣ ሦስቱ ካርዶች ደህና ነበሩ። የተሳሳተው ቁጥር የኔ ነው። ሳላነብ ገምቼ ጻፍኩ፤ አንተንም ሳላጣራ ገምቼ ስምህን አጠፋሁ። የበደልኩህ በሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታዬም በሰው ፊት ይነበብልኝ። ሁለት ጊዜ በርህ ድረስ መጥቼ ነበር። ፕላስተር አልፈለግኩም ነበር። ይህ ሲነበብ እኔ ተቀምጬ ምን እንደተባለ ግራ ከገባኝ፣ አትዘንብኝ፤ አንተው ንገረኝ። ሸዋንግዛው።"

ኸይሩ፣ ማስጠንቀቂያው ከማኅደርህ ወጥቷል፤ ኃላፊያችን ወይዘሮ አሰፋሽ ሰኞ ፈርመዋል። እኔም ከእግርህ ሥር ነኝ፤ ይቅር በለኝ። ጥፋቴ ከሳቸው ይብሳል፤ እሳቸው ረስተው ነው፤ እኔ እያወቅኩ ነው።

ኸይሩ... ወዴት ነው? አትውጣ እንጂ፣ ልጨርስ... እ፣ እሺ። እሺ። ወንበር አቀብሉት። ጋሼ አጠገብ ያለውን ልቀቁለት።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ፤ አምቦ ውሃም ለስላሳም ያላችሁ ተነሡ። ለጋሽ ሸዋንግዛው! ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የሚያስጨንቅዎትን ሁሉ ይርሱት፤ የሚወድዎት ሰው ፊት ግን አይጥፋብዎት። ስሙ ቢጠፋዎት ደግሞ እንጠራልዎታለን፤ በዳበሳ አይፈልጉትም።

ረቡዕን ለምን እንደመረጡም አሁን ገብቷችኋል። ሁለቱ ከአንድ ሳህን የሚበሉት በጾም ቀን ነው። በሉ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ፤ ለእነሱ አንድ ሳህን ብቻ አምጡ።